ራሙ 3600 ይላል፣ ኮምፒውተሩ 2133 ይላል

ሰላም ለሁላችሁ። በዚህ ዙር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች ስድስቱን መርጫለሁ። ስድስቱም የሚያወሩት ስለ አንድ ቦታ ነው። ኮምፒውተሩ ሲበራ፣ ዊንዶውስ ገና ሳይመጣ፣ ብልጭ ብሎ ስለሚያልፈው ገጽ። በዛሬዎቹ ማሽኖች ላይ ትክክለኛ ስሙ ዩኢኤፍአይ ነው። ግን ሁላችንም ባዮስ ማለት ለምደናል፤ እኔም እንደዚያው እጠራዋለሁ።

ብዙ ሰው ይህን ገጽ ይፈራዋል። እኔ ደግሞ እወደዋለሁ። ገንዘብ የወጣበት ዕቃ አቅሙ ታስሮ ሲቀር ያንገበግበኛል፤ ብዙ ጊዜ ማሰሪያው ያለው እዚያ ነው።

ጥያቄ፦ ለቪዲዮ ኤዲቲንግ ብዬ ራሴ ኮምፒውተር ገጣጠምኩ። ፕሮሰሰሩ ራይዘን 5600 ነው። ሁለት ባለ 16 ጊጋ ራም ገዛሁ፤ ካርቶኑ ላይ ዲዲአር4 3600 ይላል። ታስክ ማናጀር ላይ ሳየው ግን ፍጥነቱ 2133 ነው። ተሸውጃለሁ እንዴ? (ራሞቹን ፕሮሰሰሩ አጠገብ ባሉት ሁለት ስሎቶች ጎን ለጎን ነው የሰካኋቸው። ስሎቶቹ አራት ናቸው።)
— ቪዲዮ ቆራጩ

መልስ፦ አልተሸወድክም ወንድሜ። ራሙ 3600 መሥራት ይችላል። እንዲሠራ ግን ማንም አልነገረውም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ማዘርቦርዱ ካልታዘዘ በቀር የራሙን ከፍተኛ ፍጥነት በራሱ አይመርጥም። ስለዚህ በጋራ ደረጃ በጸደቀ፣ ራሙን በማያቅተው መደበኛ ፍጥነት ይነሳል። ለዲዲአር4 ያ ፍጥነት 2133፣ 2400 ወይም 2666 ሊሆን ይችላል። ራሙ ላይ ደግሞ አንዲት ትንሽ ቺፕ አለች። የራሙ ሙሉ መታወቂያ የተጻፈው እሷ ላይ ነው። ከመደበኛው ፍጥነት ሌላ፣ አምራቹ ራሱ ፈትኖ ያጸደቀው ፈጣን ፕሮፋይልም አብሮ ተጽፏል። ኢንቴል ይህን ፕሮፋይል እ.ኤ.አ. በ2007 ሲያስተዋውቀው ኤክስኤምፒ አለው። ኤኤምዲ በ2022 ለዲዲአር5 የራሱን አመጣ፤ ኤክስፖ ይባላል። ያንተ ቦርድ ዲዲአር4 ስለሆነ ኤክስኤምፒ ወይም ዲኦሲፒ (አንዳንድ ቦርዶች ለዚያው ነገር የሰጡት ስም) የሚል ቃል ፈልግ። የሚጠበቅብህ እሱን ማብራት ብቻ ነው።

ይህን የምለው ከራሴ ስለደረሰ ነው። 3200 የሆነ ራም ገዝቼ ከአንድ ዓመት በላይ በ2133 ሠርቼበታለሁ። ያወቅሁት ሌላ ችግር ስፈልግ ባዮስ ውስጥ ገብቼ፣ በአጋጣሚ ቁጥሩ ላይ ዓይኔ ሲያርፍ ነው። በዚያ ሁሉ ጊዜ ማሽኑ ምንም አላማረረም፤ በትዕግሥት ቀስ እያለ ይሠራ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ አዲስ ኮምፒውተር ፊት ስቀመጥ መጀመሪያ የማየው ይህን ቁጥር ነው።

ከኤክስኤምፒ በፊት ግን በቅንፍ ወደጣልካት ዓረፍተ ነገር ልመለስ። እኔን ይበልጥ ያሳሰበችኝ እሷ ናት። አራት ስሎት ባላቸው ቦርዶች ላይ፣ ከፕሮሰሰሩ ሲቆጠር አንደኛውና ሁለተኛው አብዛኛውን ጊዜ የአንድ መስመር ናቸው። ሦስተኛውና አራተኛው የሌላው። ሁለቱንም ራም አንድ መስመር ላይ ሰካሃቸው ማለት ሁለተኛው መንገድ ባዶውን ተዘርግቶ፣ መኪናው ሁሉ በአንዱ ይጋፋል ማለት ነው። ኮምፒውተሩን አጥፋ፤ ገመዱን ከሶኬት ንቀል። ከዚያ ራሞቹን ወደ ሁለተኛውና አራተኛው ስሎት አዛውር። ጫናቸው፤ ማያያዣው ቀጭ ሲል ይሰማሃል። ፍጥነቱን ሳትነካ ይህን ብቻ ብታደርግ እንኳ ልዩነቱን ታየዋለህ።

አሁን ወደ ባዮስ እንግባ። ኮምፒውተሩ ሲነሳ ዴሊት ወይም ኤፍ2 ቁልፍን ደጋግመህ ንካ። ካለፈህ ሌላ መንገድ አለ። ዊንዶውስ ውስጥ ሆነህ ሺፍት ቁልፍን እንደያዝክ ሪስታርት በል፤ ከሚመጡት ምርጫዎች ውስጥ ወደ ዩኢኤፍአይ የሚወስደውን ታገኛለህ። ምንም ነገር ከመቀየርህ በፊት ገጾቹን አንድ በአንድ በስልክህ ፎቶ አንሳ። ይህን አደራ እላለሁ። ቆይቶ «መጀመሪያ ምን ነበር?» የምትልበት ሰዓት ይመጣል፤ መልሱ ያኔ ስልክህ ውስጥ ይሆናል።

ፕሮፋይሉን ካበራህ በኋላ በኤፍ10 ሴቭ አድርገህ ውጣ። ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ሊቆይ ይችላል። ማሽኑ ራሱን ሁለት ሦስት ጊዜ ሊያጠፋና ሊያበራም ይችላል። አትደንግጥ፤ ገመድም አትንቀል። ቦርዱ ከራሙ ጋር እየተላመደ ነው። ዲዲአር5 ላይ ይህ መላመድ ብዙ ደቂቃ ሊወስድ ይችላል። «ኤክስኤምፒ ሳበራ ኮምፒውተሬ ሞተ» ብለው ከጻፉልኝ መካከል ሁለቱ አሥር ደቂቃ ጠብቁ ስላቸው ተነስቶላቸዋል።

ጭራሽ ካልተነሳስ? ብዙ ቦርዶች ጥቂት ጊዜ ሞክረው ካቃታቸው ራሳቸው ወደ መደበኛው ይመለሳሉ። ካልተመለሰ ኃይሉን ንቀልና ሴቲንጉን የሚያጠፉትን ሁለት ፒኖች አገናኝ። ቦርዱ መመሪያ ላይ የት እንዳሉ ተስሏል። ወይም ክቧን ባትሪ ለጥቂት ደቂቃ አውጥተህ መልሳት። ሁሉም ነገር እንደ መጀመሪያው ይሆናል። ፕሮፋይል ማብራት የሚያስከትለው ትልቁ መዘዝ ብዙውን ጊዜ ይህን ያህል ነው። ቮልቴጁ ከ1.2 ወደ 1.35 ከፍ ይላል፤ ራሙ ግን የተሠራው ለዚያ ነው።

ዊንዶውስ ተነሳ ማለት ግን አለቀ ማለት አይደለም። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይቸኩላል። በትንሹ የሚሳሳት ራም ወዲያው አያሳብቅም። ሳምንት ቆይቶ አንድ የቪዲዮ ፋይል አልከፈት ይልሃል፤ አንተም ዲስኩን ትወቅሳለህ። ስለዚህ ሜምቴስት86 የሚባለውን ራም መፈተሻ ፕሮግራም ፍላሽ ላይ ጭነህ፣ ማታ ስትተኛ ከፍተህ ተወው። 32 ጊጋ ለመፈተን ሰዓታት ይወስዳል። ጠዋት አንድም ስህተት መኖር የለበትም። አንድ እንኳ ካለ ወደ 3466 ወይም 3200 ዝቅ አድርገህ እንደገና ፈትን። 3200 ላይ ያለ ስህተት የሚሠራ ራም፣ 3600 ላይ አልፎ አልፎ ከሚሳሳት ራም ሺህ ጊዜ ይሻላል።

ላንተ ፕሮሰሰር ግን 3600 በጣም ተስማሚ ቁጥር ነው። የራይዘን የውስጥ ማገናኛ ከራሙ ጋር እኩል ሲራመድ ነው ደስ የሚለው፤ 3600 ራም ማለት ማገናኛው በ1800 ይሠራል ማለት ነው፤ አብዛኞቹ ባለ 5000 ራይዘኖች ይህን ይችሉታል። አንዳንድ ፕሮግራም ራሙን 1800 ብሎ ካሳየህም አትደናገጥ። ራሙ በአንድ ምት ሁለት ጊዜ ስለሚልክ ቁጥሩን በሁለት ታባዛዋለህ።

ጥያቄ፦ ኤኤችሲአይ ከሬይድ ይፈጥናል ሲባል ሰምቼ ላፕቶፔ ባዮስ ውስጥ ቀየርኩት። አሁን ዊንዶውስ ሰማያዊ ስክሪን እያሳየ ይመለሳል፤ የማስነሻውን ዲስክ ማግኘት አልቻልኩም ይላል። የመመረቂያ ጽሑፌ እዚያ ውስጥ ነው። እባክህ ቶሎ መልስልኝ።
— የጨነቃት ተማሪ

መልስ፦ እህቴ፣ ጽሑፍሽ አልጠፋም። መጀመሪያ እሱን ልንገርሽ። ዲስኩን ማንም አልነካውም። ሬይድና ኤኤችሲአይ ዊንዶውስ ወደ ዲስኩ የሚገባባቸው ሁለት በሮች በያቸው። ዊንዶውስ በሬይድ በኩል ወደ ዲስኩ መግባት ለምዷል፤ አንቺ በሩን ቀየርሽበት፤ የአዲሱን በር ሾፌር (በሩን የሚከፍትለትን ፕሮግራም) ሲነሳ ስላልጫነ ውጭ ቀረ። ባዮስ ውስጥ ገብተሽ ወደ ነበረበት መልሺው፤ ይነሳል። ከተነሳ በኋላ ከሁሉ በፊት ጽሑፍሽን ሌላ ቦታ ኮፒ አድርጊ።

48 አኃዝ ያለው ቁልፍ ከጠየቀሽ ያ ቢትሎከር የሚባለው፣ ዲስኩን የሚቆልፈው የዊንዶውስ መከላከያ ነው። ብዙ አዳዲስ ላፕቶፖች ላይ ባለቤቱ ሳያውቀው በርቶ ይመጣል። ባዮስ ሲነካ «ሌባ ገባ እንዴ?» ብሎ ይጠራጠራል። ቁልፉ አብዛኛውን ጊዜ የማይክሮሶፍት አካውንትሽ ውስጥ ተቀምጧል፤ በስልክሽ ገብተሽ ልታይው ትችያለሽ።

መቀየሩስ ያስፈልግሽ ነበር? ላፕቶፕሽ አንድ ኤንቪኤምኢ (ፈጣኑ የኤስኤስዲ ዓይነት) ዲስክ ብቻ ካለው አያስፈልግሽም። በዕለት ተዕለት ሥራ የምታይው ለውጥ አይኖርም። ትርጉም ያለው ለውጥ፣ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ሳታ (በቆየው ማገናኛ የሚሰካ) ኤስኤስዲ ተሰክቶ ሴቲንጉ አይዲኢ በሚባለው በጣም አሮጌ በር ላይ ሲገኝ ነው። ያኔ ወደ ኤኤችሲአይ ማዛወር ይገባል፤ ግን በሥርዓቱ። መጀመሪያ ዊንዶውስ በሴፍ ሞድ (በጣም አስፈላጊ በሆኑት ነገሮች ብቻ) እንዲነሳ ይታዘዛል፣ ሪስታርት ሲደረግ ባዮስ ውስጥ ተገብቶ ይቀየራል፣ ዊንዶውስ በሴፍ ሞድ ተነስቶ አዲሱን ሾፌር ይጭናል፣ ከዚያ የሴፍ ሞዱ ትእዛዝ ይሰረዛል።

ጥያቄ፦ ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ። ኮምፒውተሬ ዕድሜው ዘጠኝ ዓመት ነው። በየጠዋቱ ቀኑንና ሰዓቱን ይረሳል፤ ኤፍ1 ተጫን ይለኛል። ልጄ አዲስ ግዛ ይለኛል። እውነት ጊዜው አልፎበታል?
— መምህሩ

መልስ፦ የለም አባቴ፣ ይህ ለመሞት ምልክት አይደለም። ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ክብ ባትሪ አልቃ ነው። ሲአር2032 ትባላለች፤ 3 ቮልት ናት። ኮምፒውተሩ ከሶኬት ሲነቀል ሰዓቱን የምትጠብቀው እሷ ናት። ኃይሉን ይንቀሉ፤ የማብሪያ ቁልፉን ለጥቂት ሰከንድ ተጭነው ይያዙ። ከዚያ አሮጌዋን አውጥተው አዲሷን የመደመር ምልክቱ ወደ ላይ ሆኖ ያስገቡ።

አንድ ነገር ልብ ይበሉልኝ። ባትሪዋ ስታልቅ ሌሎች ሴቲንጎችም አብረው ይጠፋሉ። አዲሷን ካስገቡ በኋላ ሰዓቱን ያስተካክሉ። ዊንዶውስ አልነሳ ካለ ደግሞ ከላይ ለተማሪዋ የመለስኩትን ያንብቡ፤ ያ የዲስክ ሴቲንግ ተቀይሮ ሊሆን ይችላል።

ጥያቄ፦ አሥራ ሦስተኛው ትውልድ ኢንቴል አይ9 አለኝ። ጌም ላይ በድንገት ይዘጋል፤ ግራፊክስ ካርዴ ባለ 16 ጊጋ ሆኖ ሳለ «የቪዲዮ ሜሞሪ አለቀ» ይላል። ጓደኛዬ ባዮስ አፕዴት አድርግ አለኝ። እኔ ግን አፕዴት ቦርድ ይገድላል ሲባል ስለሰማሁ ፈራሁ።
— ፈሪው

መልስ፦ ፍርሃትህ ከባዶ አልመጣም። አንድ ጊዜ ባዮስ አፕዴት ሳደርግ ግማሽ ላይ ደርሶ ሳለ የማራዘሚያው ገመድ ተነቀለ። ቦርዱ ዳግም አልተነሳም። ከዚያ በኋላ ለዓመታት «ካልተበላሸ አትንካው» የሚል ሕግ ይዤ ኖሬያለሁ፤ ለሰውም የምመክረው ይህንኑ ነበር።

ዛሬ ግን አልመክርም። ሐሳቤን ያስቀየሩኝ ሁለት ነገሮች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2023 አንዳንድ የራይዘን 7000 ኤክስ3ዲ ፕሮሰሰሮች ቮልቴጅ በዝቶባቸው ተቃጠሉ፤ መፍትሔ ሆኖ የመጣው ቮልቴጁን 1.3 ላይ የሚገድብ አዲስ ባዮስ ነበር። በ2024 ደግሞ ያንተው ጉዳይ መጣ። የአሥራ ሦስተኛውና የአሥራ አራተኛው ትውልድ ኢንቴል ዴስክቶፕ ፕሮሰሰሮች ከሚገባው በላይ ቮልቴጅ እየጠየቁ ቀስ በቀስ ራሳቸውን ይጎዱ እንደነበር ታወቀ። ኢንቴል በዚያው ዓመት ኦገስት ላይ ማስተካከያ አወጣ፤ ሴፕቴምበር ላይ ደግሞ ጨመረበት። ማስተካከያው የሚደርሰው በባዮስ አፕዴት ነው። አንተ የጻፍከው የቪዲዮ ሜሞሪ መልእክትም የዚህ ችግር የታወቀ ምልክት ነው።

ስለዚህ አፕዴቱን አድርግ፤ ዛሬውኑ። ደግሞ በጥንቃቄ። የቦርድህን ሞዴል ራሱ ቦርዱ ላይ ከተጻፈው አንብብ፤ ሬቪዥን ቁጥር ካለውም እሱን ጭምር። ፋይሉን ከአምራቹ ገጽ ብቻ አውርድ። ፍላሹ በፋት32 ፎርማት የተደረገ ይሁን። ዩፒኤስ ካለህ ሰካው፤ ከሌለህ መብራት የማይቆራረጥበትን ሰዓት ምረጥና ማንም ገመድ አጠገብ እንዳያልፍ አድርግ። ቢትሎከር ካለ ለጊዜው አቁመው። የራም ፕሮፋይልህም የፋን ፍጥነትም ስለሚጠፉ ፎቶ አንሳቸው። ቦርድህ ፍላሽባክ የሚባለው ቁልፍ ካለው ደግሞ አብዛኛው ስጋትህ ይቀላል፤ አፕዴቱ ቢቋረጥ እንኳ በሱ እንደገና መጫን ይቻላል።

አፕዴቱ ካለቀ በኋላ የኢንቴል ዲፎልት ሴቲንግ የሚለውን ምረጥ። ብዙ ቦርዶች ከፋብሪካ ሲወጡ ለፕሮሰሰሩ የኃይል ገደብ ሳያደርጉለት ነበር፤ በፈተና ቁጥር ላይ እንዲያምር። ይህ አቅም ማውጣት አይደለም፤ ዕድሜ መብላት ነው። ጥቂት ነጥብ ብታጣ ግድ አይስጥህ።

አንድ መራራ ነገር ልጨምር። አፕዴቱ ጉዳቱ እንዳይቀጥል ያደርጋል እንጂ የደረሰውን አይመልስም። ከአፕዴቱ በኋላም ጌሙ ከተዘጋ ፕሮሰሰሩ ተጎድቷል ማለት ሊሆን ይችላል። ኢንቴል ለእነዚህ ፕሮሰሰሮች ዋስትናውን በሁለት ዓመት አራዝሟል፤ ያን ጊዜ ወደ ገዛህበት ሂድና ይቀየርልኝ በል። መብትህ ነው።

ጥያቄ፦ ላፕቶፔ 8 ጊጋ ራም ነው፤ ዊንዶውስ ግን ልጠቀምበት የምችለው 5.9 ብቻ ነው ይላል። የቀረው የት ሄደ?
— ሒሳብ ሠራተኛዋ

መልስ፦ የራሱ ሜሞሪ የሌለው ግራፊክስ ወስዶት ነው። ስክሪኑ ላይ ምስል የሚያወጣው ክፍል ከራምሽ ቆርጦ ይይዛል፤ ያንቺ ሁለት ጊጋ የያዘ ይመስላል። ባዮስ ውስጥ ዩኤምኤ ፍሬም በፈር የሚል ካገኘሽ 512 ሜጋ ወይም አውቶ ላይ አድርጊው። ግራፊክሱ ተጨማሪ ሲፈልግ ራሱ ይበደራል፣ ሲጨርስ ይመልሳል። ለኤክሴልና ለብራውዘር ሥራ ያ ከበቂ በላይ ነው። ብዙ ላፕቶፕ ግን ይህን ምርጫ ይደብቃል፤ ከሌለ በግድ የሚያወጣ ፕሮግራም አትፈልጊ። ባዶ የራም ስሎት ካለው ሌላ 8 ጊጋ መጨመር ከየትኛውም ሴቲንግ ይበልጣል።

ጥያቄ፦ ኮር አይ5 12400ኤፍ እና አርቲኤክስ 3060 አለኝ። ሪሳይዘብል ባር ይብራ ይላሉ፤ ኢንቪዲያ ገጹ ላይ ግን «የለም» ይለኛል። ባዮስ ውስጥ ሁሉንም ወደ ከፍተኛው ላድርገው ወይ?
— ጌመሯ

መልስ፦ ሁሉንም ወደ ከፍተኛው አታድርጊ። አንድ ጊዜ አንድ ነገር ቀይሪ፤ አስነሺው፤ ለአንድ ሁለት ቀን ተጫወቺበት፤ ከዚያ ወደሚቀጥለው። አምስት ነገር በአንዴ ቀይረሽ ማሽኑ ቢንገዳገድ ጥፋተኛውን አታገኝውም።

ሪሳይዘብል ባር ጥሩ ነገር ነው። ድሮ ፕሮሰሰሩ የግራፊክስ ካርዱን ሜሞሪ የሚያየው 256 ሜጋ በሆነች መስኮት ነበር። ይህ ሲበራ መስኮቷ ሙሉ ግድግዳ ትሆናለች። ከሱ ብዙ አትጠብቂ ግን፤ አብዛኛው ጌም ላይ ጥቂት ፐርሰንት ነው፣ አንዳንዱ ላይ ምንም፣ ጥቂቶች ላይ ደግሞ ደህና ጭማሪ።

«የለም» የሚልሽ ከሦስት ምክንያት በአንዱ ይመስለኛል። ባዮስ ውስጥ አቦቭ 4ጂ ዲኮዲንግ አልበራም፤ ወይም ራሱ ሪሳይዘብል ባር አልበራም፤ ወይም ሲኤስኤም የሚባለው አሮጌ አሠራር በርቷል። ሦስተኛው ላይ ተጠንቀቂ። ሲኤስኤምን ከማጥፋትሽ በፊት ዊንዶውስ ላይ ሲስተም ኢንፎርሜሽንን ክፈቺና ባዮስ ሞድ የሚለውን እዪ። ዩኢኤፍአይ ካለ ያለ ስጋት አጥፊው። ሌጋሲ ካለ ግን ዲስኩ በአሮጌው አከፋፈል ስለሆነ ዊንዶውስሽ አይነሳም። ያኔ መጀመሪያ ፋይሎችሽን ሌላ ቦታ አስቀምጪ፤ ከዊንዶውስ ጋር በሚመጣው ኤምቢአር2ጂፒቲ ዲስኩን ቀይሪ፤ ሲኤስኤምን የምታጠፊው ከዚያ በኋላ ነው።

እግረ መንገድሽን የፋኑን ገጽ ክፈቺ። ፋኑ ፕሮሰሰሩ 60 ዲግሪ እስኪደርስ በዝግታ እየዞረ፣ ከዚያ ቀስ እያለ እንዲጨምርና 85 ላይ ሙሉ በሙሉ እንዲሠራ አድርጊው። የሚጋል ፕሮሰሰር ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ጌም መሀል ድንገት ቅንጥስ የሚልብሽ በዚህም ሊሆን ይችላል። ፋኑ ላይ አቧራ ካለ ደግሞ ሴቲንጉን ከመንካትሽ በፊት እሱን ጥረጊ። ከዚያ ኢንቪዲያ ገጹን እንደገና ክፈቺ። አሁንም «የለም» ካለሽ የባዮስሽን ገጾች ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ፤ አብረን እናየዋለን።